ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ብልቃጡን ተመልከቱ

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ቢሾፍቱ፣ የትም ሁናችሁ ላም የምታልቡ ሁሉ ይህንን አንብቡልኝ። ንዴቴ አልበረደልኝም፤ እስኪበርድልኝም አልጠብቅም። አንድ የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ጊዜው ካለፈ ዓመታት የተቆጠሩበትን መድኃኒት አዲስ ካርቶን ውስጥ ከትቶ ለምታጣጥር ጥጃዬ ሸጦልኛል። ብልቃጡንና ካርቶኑን ይዤ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስላመለከትኩ፣ እስኪጣራ ድረስ የሱቁን ስም አልጽፍም።

ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ከባንኮኒው ኋላ ይቆማል። ከብቷ ምን እንደሆነች ተናግራችሁ ሳትጨርሱ እጁ መደርደሪያው ላይ ነው። ለሳል ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ)፣ ለጡት በሽታ ኦክሲ፣ ለተቅማጥ ኦክሲ። ዕድሜዋ ስንት ነው፣ ትኩሳቷ ተለክቷል ወይ፣ ትጠባለች ወይ ብሎ መጠየቅ የለም። ደረሰኝ ስትሉት ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁት ደግሞ በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል ይላችኋል።

ቡሬ ገና ወር ያልሞላት ከሆልስታይን የተዳቀለች ጥጃ ናት። በተወለደች በሰዓቱ እንገሯን ጠጥታ፣ ጠንክራ ስትቦርቅ የነበረች ናት። ማታ ወተቷን አልፈልግም አለች፤ ጠዋት በረት ስገባ በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት። ውኃ የመሰለ ቢጫ ተቅማጥ ጭኗንና ጅራቷን አበስብሶታል። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል። የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ተመልሶ አልተኛም፣ እንደተቆነጠጠ ቆመ። ጣቴን አፏ ውስጥ ባስገባ አልጠባችውም፤ አፏ ራሱ ቀዝቅዟል። የጤነኛ ጥጃ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው፤ የእሷ 37 እንኳ አልሞላም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያችን ገጠር ቀበሌ ለክትባት ወጥቶ ስለነበር ማታ ካልሆነ መድረስ አይችልም ነበር። በስልክ የኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ከረጢቶችና አንድ የሰልፋ (ሌላ ዓይነት አንቲባዮቲክ) መርፌ ግዢ አለኝ፤ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

ሰውዬው ወረቀቱን በጨረፍታ አየና “ይህ የለም እናቴ፤ ግን ከእሱ የሚበልጥ አለኝ፣ አታስቢ፣ ነገ ትዘላለች” አለኝ። ከመስታወቱ ውስጥ የኦክሲ ካርቶን አወረደ። አዲስ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም። ከፈተው፣ ብልቃጡን አወጣ፣ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ ታችኛው መሳቢያ ጎንበስ አለ። መሳቢያው ሲከፈት ብልቃጥ ከብልቃጥ ሲጋጭ ሰማሁ። ቀና ሲል ብልቃጥ ካርቶኑ ውስጥ ከተተና ክዳኑን በነጭ ፕላስተር ለጠፈው። “መንገድ ላይ እንዳይሰበርብሽ ብዬ ነው” አለኝ። መጠቀሚያ ጊዜውን ስጠይቀው አውራ ጣቱን ካርቶኑ ላይ አሳርፎ 2027 የሚለውን አሳየኝ። “በፈረንጅ ነው፤ ገና ብዙ ነው።” 650 ብር ከፈልኩ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዓይኔ እያየ ነው የተደረገው፤ በእርጋታ፣ በፈገግታ፣ እናቴ እየተባልኩ።

ማታ ባለሙያው መጣ። በስልኩ ባትሪ ብርሃን ፕላስተሩን ልጦ ብልቃጡን አወጣና ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው። ደህናው ኦክሲ ጥርት ያለ፣ ቢጫ ወይም ማር የመሰለ ነው፤ የእኔው እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ከታች ዝቃጭ ይዟል። ካርቶኑን በአንድ እጁ፣ ብልቃጡን በሌላው ያዘና ሁለቱ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር እያነበበ አስተያየው። አይገናኝም። ብልቃጡ ላይ ቀኑ የታተመበት ቦታ በአልኮል ይሁን በሌላ ነገር ተፈትጓል፤ አዘንብሎ ሲያየው ግን ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ጥሎት የሄደው ጉድጓድ ይነበባል። 2023። ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እትዬ፣ ይህንን አልወጋትም” አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ይበልጥ አቃጠለኝ፦ መድኃኒቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ እንኳ ውኃዋ እንዲህ ያለቀ ጥጃ ኦክሲ ብትወጋ ኩላሊቷ ሊጎዳ ይችላል። ኦክሲ ያልጻፈበት ምክንያት ነበረው። ያ ሰው ግን ወረቀቱን ወደ ጎን ብሎ መሳቢያው ውስጥ ያደረበትን አራገፈብኝ።

በዚያ ሰዓት ሌላ መድኃኒት ቤት ክፍት የለም። የሰረቀኝ ከ650 ብሩ ይልቅ ያንን ሌሊት ነው።

ያተረፋት በባለሙያው ቦርሳ ውስጥ የነበረው የደም ሥር ፈሳሽ ነው። ከረጢቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ አሞቀው፣ የአንገቷን ፀጉር ላጨ፣ ሥሩን አገኘና ሰቀለላት። ተቅማጥ የያዘውን ጥጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው የውኃውና የጨዉ ማለቅ ነው አለኝ። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሥራችን እሱን መመለስ ነበር፦ ኦአርኤሱን ከሰውነቷ ሙቀት ጋር አመጣጥኖ በጉሮሮዋ በሚገባ ቱቦ ሰጣት። መጥባት ያልቻለች ጥጃን በጡጦ ወይም በጠርሙስ ማጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባዋ ስለሚወስደው አደገኛ ነው። በጎኗ እንዳትወድቅ በደረቷ አስቀምጠን በሁለት በኩል ጭድ በሞላ ጆንያ ደገፍናት፣ ጋቢ ደረብንላት፤ አንድ እግሯ ተጭኖ እንዳይደነዝዝ በየጊዜው ወደ ሌላው ጎኗ እናገላብጣት ነበር። ሊነጋጋ ሲል ጣቴን አፏ ውስጥ ባስገባ ምላሷ ጠቀለለው። ደካማ ነበር፣ ግን ጠባች። ወተቷንም አላቋረጥንባትም፤ ተቅማጥ ነው ብሎ ወተት መከልከል ጥጃን በረሃብ መጨረስ ነው፣ በኦአርኤሱ መሃል እያፈራረቅን ሰጠናት። ትክክለኛውን መርፌ ባለሙያው ከሌላ ከተማ አስመጥቶ ወጋት። አሁን ከሆዷ ሥር ጆንያ አሳልፈን ለሁለት ስናነሳት የኋላ እግሮቿን ታጠነክራለች፤ የፊቶቹ ገና ይንቀጠቀጣሉ።

ትንሽ ፋታ ሳገኝ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ብልቃጡንና ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። አየኝ፤ ያወቀኝ አልመሰለም። “አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ከእኔ ለመገዛቱ ምን ማስረጃ አለሽ? ደረሰኝሽን አምጪ።” ማሽኑ ተበላሽቷል ያልከኝ አንተ ነህ አልኩት። ከጎኑ የቆመው ልጅ ሳቀ። ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ “ለጥጃ ነው እኮ! ሰው የሞተ አስመሰልሽው” አለ፣ ሌሎች ገዢዎች እየሰሙ። ያቺን ጥጃ አሳድጌ ከሦስት ዓመት በኋላ ላልባት፣ ልጆቼን ላስተምርባት እንደሆነ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ገዢዎቹ ብልቃጡን አንስተው ማገላበጥ ሲጀምሩ ግን ድምፁ ተለወጠ። እጁን ዘረጋና “በይ አምጪው፣ እቀይርልሻለሁ” አለኝ ለስለስ ብሎ። መቀየር አልነበረም የፈለገው፤ ብልቃጡን ነበር። ቀልጠፍ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ መሳቢያ ነው። የተፈተጉት ብልቃጦች ተዘጋጅተው፣ ካርቶን እየጠበቁ ተደርድረዋል። ይህ የአንድ ቀን ስህተት አይደለም፤ ታስቦበት የሚሠራ ነው። የእኔን ባለሙያ የመሰለ ሰው በአጠገቧ የሌላት፣ ራሷ ወግታ የምታድር አንዲት ላም ያላት ሴት ምን ትሁን? ጥጃዋ ስትሞትባት ዕድሌ ነው ብላ ትቀብራለች፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ለሌላዋ እናቴ ይላል።

ብልቃጡን እዚያው ባንኮኒው ላይ አስወጡት፤ በእሱና በካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ቀን አንድ መሆኑን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። ባለሙያ ከጻፈው ውጭ ተተኪ ነው ቢላችሁ ከሱቁ ሳትወጡ ለባለሙያው ደውሉ። ደረሰኝ ከሌለ ሌላ ቤት ሂዱ። ከእጃችሁ የገባ ካለም ካርቶኑንም ብልቃጡንም ሳትጥሉ ወደ ወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ውሰዱት፤ በአገር ደረጃ የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥር የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው። ሰሞኑን ኦክሲ የገዛችሁ ደግሞ ከመውጋታችሁ በፊት ዛሬውኑ ብርሃን ላይ አውጥታችሁ ተመልከቱት።