የሲፒአር ማሠልጠኛ ማኒኪንና ታብሌቱ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያ ዕርዳታ የማሠለጥን ነርስ ነኝ። ደረቱ ውስጥ ሴንሰር ያለው፣ በብሉቱዝ ከታብሌት ጋር የሚገናኝ የሲፒአር ማኒኪን ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ሲፒአር ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን እየተጫኑ፣ እስትንፋስም እየሰጡ የሚደረግ ዕርዳታ ነው፤ ማኒኪኑ ደግሞ ለዚህ መለማመጃ የሚሆን ሰው መሰል አሻንጉሊት ነው። የአምራቹን ስም ትቼ ስለ ዕቃው ልናገር።

ጥንካሬው አያሳማም። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንት ጊዜ ወርዶ ወጥቷል፤ የደረቱ ሞላ ዛሬም አልላላም።

የሚያሳስበኝ ስክሪኑ ነው። ሠልጣኙ ደረቱን ሲጫን ፍጥነቱና ጥልቀቱ በመስመር ይሳላል፣ ሲጨርስ ደግሞ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ለአዋቂ የሚፈለገው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ወደድነው፤ ሠልጣኞቼ በነጥብ ይፎካከሩ ጀመር።

በሁለተኛው ወር አንዲት ተማሪ 91 አመጣች። ዓይኗ ከታብሌቱ ላይ አልተነሳም። የማኒኪኑ ራስ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ በዚያ ሁኔታ እስትንፋስ ብትሰጠው አየር አይገባለትም። እሷ ግን አላየችውም። በሽተኛውን እንድታይ የገዛሁት ዕቃ ከበሽተኛው ዓይኗን ነጠቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ላይ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረዋለሁ። ሠልጣኙ የሚሰማው ደረቱ በቂ ሲጠልቅ ‘ቀጭ’ የሚለውን ድምፅ ብቻ ነው። ሲጨርስ አብረን ቁጭ ብለን መስመሩን እናያለን። መስመሩ በእውነት ያስተምራል።

ኮምቦልቻ ላይ የባጃጅ ሹፌሮችን ሳሠለጥን አንዱ 64 አምጥቶ፣ “ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?” አለኝ። ቁጥሩ ለዚህ መልስ የለውም። በስክሪኑ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው፤ አረንጓዴውና ቀዩም ፀሐይ ላይ አይለይም። ጥላ ሥር ወስጄ መስመሩን አሳየሁት። ጥቂት አየና፣ “ቁልቁለቱን ወርጄ ዳገቱን ሳልጨርስ ነዋ የምመለሰው!” አለ። ልክ ነበር፤ በእጁ ተደግፎ ደረቱን አይለቀውም። ደረት ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ደግሞ ልብ በደም በደንብ አትሞላም። “አብሽር፣ እንደገና” አልኩት፤ በሁለተኛው ዙር ዳገቱን ጨረሰ። አሁን ለሁሉም የማስረዳው በሐረጎ መንገድ ነው።

ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ሌርዳል እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያዋን የሲፒአር አሻንጉሊት ሲያቀርብ ሴት ያደረጋት ሠልጣኝ እንዳይፈራት አስቦ ነው ይባላል። ከዕቃው በፊት ሰውየውን ማሰብ ማለት ይህ ነው። የእኔን አፕ የሠሩት ሰዎች ያንን ሹፌር አጠገባቸው አስቀምጠው “ይህ መስመር ምን ይመስልሃል?” ቢሉት ኖሮ፣ ግማሹ ችግር ገና ሲሠራ በተቃለለ ነበር።

ልግዛው ለሚለኝ፦ ማኒኪኑን ግዙ። አፕ ስትመርጡ ነጥቡን መደበቅ የሚያስችል፣ መስመሩን መልሶ የሚያሳይ፣ ከቀለም ሌላ በቅርጽም የሚለይ ይሁን። ያለ ኢንተርኔት መሥራቱንም አረጋግጡ፤ የእኔው ይሠራል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ነጥቡን መደበቂያና አማርኛ እንዲጨምሩ ለአምራቹ ሁለቴ ጽፌያለሁ፣ መልስ አልመጣም። እስከዚያው ነጥቡ የሚወጣበትን የስክሪኑን ጥግ በቁስል ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ።