ሲም የሚሠራ የአላርም ኮሙኒኬተር ከ11 ወር በኋላ፦ ራሱን ሲፈትሽ ምኑን ነው የሚፈትሸው?

ይህን ዕቃ ያስገጠምነው እማዬ ቀን ቀን ብቻዋን ስለምትውል ነው። በር ቢሰበር ወይም አሟት የድንገተኛ ቁልፏን ብትጫን፣ መልእክቱ ክትትል ማዕከሉ ጋ መድረስ አለበት። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው የመደበኛ ስልክ መስመር ነበር። አሁን ከአላርም ፓነሉ (የአላርሙ ዋና መቆጣጠሪያ) አጠገብ የተሰቀለች፣ ሲም ካርድ ያላት ትንሽ ሣጥን በ4ጂ ትልከዋለች። ኮሙኒኬተር የምትባለው እሷ ናት።

በፍጥነቷ ቅሬታ የለኝም። በሙከራ ጊዜ መልእክቷ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። እኔን ሲያሳስበኝ የከረመው ሌላ ነገር ነው። ምንም ባልተፈጠረበት ተራ ቀን፣ ዕቃዋ ደህና መሆኗን በምን እናውቃለን?

ሣጥኗ በየተወሰነ ጊዜ ለሰርቨሩ «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት ትልካለች። የእኛዋ ስትገጠም በ24 ሰዓት አንዴ እንድትልክ ነበር የተሞላችው። ጠዋት ልካ ከሰዓት አንቴናዋ ቢነቀል፣ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ማንም አያውቅም ማለት ነው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 50136 ይህን ጊዜ በየእርከኑ ይለየዋል። ኤስፒ2 በሚባለው እርከን የመስመሩ መቋረጥ በ25 ሰዓት ውስጥ መታወቅ አለበት። በኤስፒ4 በ3 ደቂቃ፣ በኤስፒ6 ደግሞ በ20 ሰከንድ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን። እኛ ማዕከሉን ጠይቀን በየ1 ሰዓቱ እንድትልክ አስቀየርነው።

በ5ኛው ወር ግን ይህም እንደማይበቃ ገባኝ።

ቤቱ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ሥራው አልቆ ሁሉም ቦታ ቦታው ተመልሷል። በሣምንቱ እንዲያው ልሞክር ብዬ ለማዕከሉ ደወልኩና ሙከራ ላይ መሆናችንን ነገርኳቸው። እማዬ ቁልፏን ተጫነች። ሳይረኑ ጮኸ። ኪፓዱም (የፓነሉ ቁልፍ ሰሌዳ) አላርም አለ። ማዕከሉ ግን «ምንም አልመጣልንም» አለኝ። ደግማ ተጫነች። አሁንም ምንም የለም። ኮሙኒኬተሯን አየኋት፤ አረንጓዴ መብራቷ በርቷል። አፑን ከፈትኩ፤ «ኦንላይን» ይላል። የመጨረሻዋ «አለሁ» የደረሰችው ከ20 ደቂቃ በፊት ነው። እጄ ቀዘቀዘ።

የፓነሉን ክዳን ስንከፍት ነገሩ ታየ። ከፓነሉ የስልክ ማሰሪያ ወደ ኮሙኒኬተሯ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይሄዳሉ። አንዱ ከብሎኑ ወጥቷል። የመዳብ ጫፉ እያብለጨለጨ፣ ከብሎኑ የጥፍር ያህል ርቆ ቆሟል። ቀለም ሲቀባ ሣጥኑ ተገፍቶ መሆን አለበት።

አሠራሩን ካያችሁት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮሙኒኬተሯ ለፓነሉ የስልክ መስመር ትመስለዋለች። የመደወያ ድምፅ ትሰጠዋለች። እሱም ኮንታክት አይዲ በሚባለው የቃና ቋንቋ ኮዱን ይነግራታል፤ እሷ ተቀብላ በኔትወርክ ታሻግራለች። ሽቦው ሲወጣ ፓነሉ ዲዳ ሆነ። እሷና ሰርቨሩ ግን በሰላም እያወሩ ነበር። «አለሁ» ያለችው እውነቷን ነው። ስለ ፓነሉ የጠየቃት የለም።

ፓነሉ ራሱ የመስመር ቮልቴጅ መጥፋቱን ማወቅ ይችል ነበር። ግን የስልክ መስመር ክትትሉ በቅንብሩ ውስጥ ጠፍቶ አገኘነው። ገጣሚው የድሮውን መስመር ሲነቅል ኪፓዱ እንዳይጮህበት አጥፍቶት፣ መልሶ ሳያበራው ሄዷል። ይህ በጣም አናደደኝ። ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ኪፓዱ «መልእክቱ አልተላከም» የሚል ትራብል (የብልሽት ማስጠንቀቂያ) አሳይቷል፤ እሱ ግን የሚመጣው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ሰዓት እማዬ ኪፓድ ታነባለች?

ያን ቀን ሦስት ነገር አስተካከልን። የመስመር ክትትሉ በራ። የኮሙኒኬተሯ የትራብል ሪሌይ (ብልሽት ሲኖር የሚቀያየር ማብሪያ ማጥፊያ) በፓነሉ አንድ ባዶ ዞን (የሴንሰር መግቢያ) ላይ ታሰረ፤ አሁን ኔትወርክ ሲጠፋባት ኪፓዱ ይናገራል። ከሁሉም በላይ ግን የዕለቱ ሙከራ ከፓነሉ እንዲነሳ አደረግን። በኮንታክት አይዲ ኮዱ 602 ነው። ልክ አላርሙ የሚሄድበትን መንገድ፣ ያንኑ ሽቦ ይዞ ይሄዳል። በሰዓቱ ካልደረሰ ማዕከሉ ይደውልልናል።

የሲስተሙ መጠባበቂያ ባትሪም ያው ታሪክ ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት፣ ከድሮው ሲስተም የተረፈ። ቻርጅ ላይ እያለ ሲለካ 13.7 ቮልት ያሳያል፤ ጤነኛ ይመስላል። በ8ኛው ወር መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የመብራት መጥፋት መልእክት፣ 301፣ መጣ። 2 ሰዓት ሳይሞላ 302 ተከተለ፤ ባትሪው እያለቀ ነው ማለት ነው። ያረጀ ባትሪ ሸክም እስኪያዝበት ድረስ ገመናው አይታይም። አሁን በየሦስት ወሩ ትራንስፎርመሩን ነቅዬ ጥቂት ሰዓት በባትሪ ብቻ አስኬደዋለሁ።

ሲግናሉ ቀላል ነበር። አንቴናው ከብረት ሣጥኑ ወጥቶ ከፍ ሲል ከ−98 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል) ወደ −84 ተሻሻለ። ያገለገለ ዕቃ ካገኛችሁ ደግሞ 3ጂ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ተዉት። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ እንደ ፈረንጆቹ በፌብሩዋሪ 2022 3ጂውን ሲዘጋ፣ ያልተቀየሩ ኮሙኒኬተሮች ምንም ሳይበላሹ መንገድ አጥተዋል።

አንድ የሚያስመርር ነገር አላት። ሪሌዩ ከታሰረ በኋላ ኔትወርኩ ለደቂቃ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኪፓዱ ጢጥ ጢጥ ይል ነበር። እማዬ በፎጣ ሸፈነችው። አልፈረድኩባትም፤ ግን በጣም ፈራሁ። የተሸፈነ ኪፓድ እውነተኛውንም ትራብል ይደብቃል። ኔትወርኩ ለ5 ደቂቃ ካልተመለሰ ብቻ ትራብል እንዲል አስተካከልነው፤ ፎጣውም ተነሳ።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ፤ ግን ገጣሚው ከመሄዱ በፊት ያንን ሽቦ ፊቱ ነቅዬ ኪፓዱ ሲጮህ እሰማለሁ።

አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እማዬ ቁልፏን ራሷ ትጫናለች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማዕከሉን እጠብቃለሁ። «ደረሰ?» ትለኛለች። «ደርሷል» ሲሉኝ ነው ስልኩን የምዘጋው።