የትምህርት ቤት ምገባ ወይስ ከቤት የሚቋጠር ምሳ?

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት ሲጀምር ብዙ እናቶች በየጠዋቱ ምሳ ከመቋጠር አረፉ። ሁለቱን ሳነጻጽር እኔ ለምገባው አደላለሁ።

ዋናው ምክንያቴ እኩልነት ነው። ምሳ ዕቃ የቤትን ኑሮ ይዞ ክፍል ይገባል፤ አንዱ እንቁላል ፍርፍሩን ሲከፍት ምንም ያልያዘው ውሃ ጠጥቶ ጥግ ይይዛል። በምገባው ግን ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል፣ ያውም ትኩስ ትኩሱን። ቁርሱን የበላ ልጅ ትምህርቱን ይከታተላል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜም «አዞረኝ» ብሎ አይቀመጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህን ከባዶ ሆድ መጠበቅ ግፍ ነው። አብሳዮቹም እናቶች ናቸው፤ ለእነሱም የእንጀራ ገመድ ሆኗል፣ ይሄ በተለይ ደስ ይለኛል።

ምሳ ዕቃው የሚበልጥበትም አለ። አለርጂ ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ልጅ የእናቱ እጅ ይሻለዋል፤ ጾሙም እንደየቤቱ ይለያያል። ነገር ግን ጠዋት የተቋጠረ ወጥ እስከ ምሳ ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። ብስኩትና ለስላሳ ብቻ ተይዞለት ከሚመጣ ደግሞ የምገባው ሽሮና ምስር ለልጁ አካል በብዙ ይሻላል።