ሽሮ ሜዳ ላላችሁ፣ የኛን ሲስተር አመስግኑልኝ

ሰላም ጎረቤቶቼ፣ ይሄን ጽሁፍ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ፣ ዛሬ ደንበኛ ስለሌለ ልጻፈው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ፣ 4 ሴቶች ነን፣ ትንሿ 22 ትልቋ እኔ 41። ወደኛ የምትመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች፣ ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፣ ሰፈሩ ሲስተር ነው የሚላት፣ ያቺ ቦርሳዋን አንግታ ዳገቱን በእግሯ የምትወጣዋ።

መጀመሪያ የመጣች ቀን የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ወስዳችኋል ወይ ስትለን ሳቅን። እሱ የእርጉዝ አይደል እንዴ? እኔ ራሴ የዛሬ ስንት አመት አንድ ጤና ጣቢያ (የቱ እንደሆነ ይቅር) ሄጄ ብጠይቅ አርግዘሻል? አለችኝ፣ አይ ስላት ታዲያ ምን ልትሰሪ መጣሽ ብላ መለሰችኝ፣ ከዛ በኋላ ማን ይሄዳል። ሲስተር ግን ከ15 እስከ 49 አመት ያለች ሴት ሁሉ፣ ወለደችም አልወለደችም፣ ይመለከታታል አለችን። ትንሿ ልጅ ደሞ መካን ያደርጋል ሲሉ ሰምቻለሁ አለች፣ በኮሮና ክትባት ጊዜ የተወራው ወሬ እኮ አሁንም ከጆሯችን አልወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣታል። እሷ ቡናው ጋ ቁጭ ብላ ማን ነገረሽ አለቻትና እስክትጨርስ ሰማቻት፣ ከዛ የራሷን ካርድ አውጥታ አሳየችን፣ ክትባቱ አምስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፣ የሷ አምስቱም ሞልቷል፣ የመጨረሻ ልጇን የወለደችው ከዛ በኋላ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ግን ይሄ ነው፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጀርሙ አፈርና እበት ውስጥ ተቀምጦ በቁስል ነው የሚገባው፣ ስለዚ ሰፈሩ በሙሉ ቢከተብ ላንቺ አይተርፍሽም። በፈረንጅ 2017 ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ህፃናት ቴታነስን አስወግዳለች ተብሎላታል፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ግን የትም አልሄደም። እናት ከተከተበች አራስ ልጇም መከላከያውን ከሷ ያገኛል፣ ድሮ እትብት ንፁህ ባልሆነ ምላጭ እየተቆረጠ ስንት ልጅ ሄዷል።

መርፌው ምንም አይልም፣ ክንድ አንድ ሁለት ቀን ቢያም ነው፣ የሚያስቸግረው መመላለሱ። ሁለተኛው ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሶስተኛው ከዛ 6 ወር ቆይቶ፣ አራተኛና አምስተኛው አመት አመት እየጠበቀ። ቅዳሜ ቀን ፀጉር ሰሪ የት ትሄዳለች በናታችሁ? ሲስተር ይሄ ገብቷት ሰኞ ጠዋት አደረገችልን፣ ቤቱ ሳይዘጋ ሁለት ሁለት እየሆንን ሄድን። 6 ወሩ ሲሞላ እኔማ ረስቼው ካርዱንም ጥያለሁ፣ እሷ ደብተሯ ላይ ጽፋው ኖሮ ደወለች። ባለፈው ሳምንት 4ታችንም ሶስተኛውን ወሰድን።

የሌላ ሰፈር ሴቶችም የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የሰፈራችን ኤክስቴንሽን ማናት በሉ፣ ክትባቱ ቲዲ ነው የሚባለው፣ በመንግስት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ካርዳችሁን ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሱት፣ እንደኔ እንዳትሆኑ።

ሲስተርዬ፣ ሹሩባ በነፃ ልስራሽ ስልሽ እምቢ ብለሽ ሙሉ ሂሳብ ከፍለሽ ሄድሽ አይደል። የአራተኛው ቀን ይመጣ የለ፣ ያኔ እንተያያለን።