የሸዋ በሩ ተምር ቤትና የእኔ «የሐማ ጆሮ»

ጎንደር አብረን የተማርን ጓደኛዬ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ነው የምትኖረው። በየዓመቱ ፑሪም ለሚባለው የአይሁዶች በዓል የምትጋግረውን ባለ ሦስት ማዕዘን ብስኩት ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። በዕብራይስጥ «ኦዝኔ ሃማን» ይሉታል፣ የሐማ ጆሮ ማለት ነው። ሐማ መጽሐፈ አስቴር ላይ አይሁዶችን ሊያስፈጅ የዶለተው ሰው ነው፤ በዓሉም ከእሱ ሴራ የዳኑበት ነው። የጓደኛዬ እናት ጎንደር ሳሉ የአስቴርን ጾም ይጾሙ ነበር። ብስኩቱን ያወቁት ግን እስራኤል ከገቡ በኋላ፣ ከአውሮፓ ከመጡት አይሁዶች ነው።

በ2018 ዓ.ም. ፑሪም የካቲት 24 ዋለ። ሁዳዴም ረመዳንም ገብተዋል። ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ።

ያስቸገረኝ ሆዱ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። በብዛት የሚሞላው ፖፒ የሚባል አበባ ፍሬ ነው፤ እሱ ደሴ ከየት ይመጣል? ማርማላታ ሞላሁበት፤ ፈልቶ ትሪው ላይ ፈሰሰ። «በተምር አድርጊው፣ እዚህም ብዙ ሰው በተምር ነው የሚሠራው» አለችኝ ጓደኛዬ። ከአንድ ሱቅ የታሸገ ገዛሁ። ስፈለፍለው ነቀዝ በልቶታል። ግማሽ ኪሎ ተምር ስደፋ አንጀቴ አረረ።

ጎረቤቴ ናት ሸዋ በር ወዳለችው ትንሽ ተምር ቤት የላከችኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን ልሠራበት እንደሆነ ነው። ስነግራቸው በካርቶን የተደረደረውን ውዱን ተምር ትተው ከጥግ የተጨመቀውን አወጡ። «ያ ለማፍጠሪያ ነው ልጄ። ለሚፈጨው ይሄ ይበቃሻል፣ አብሽሪ» አሉኝ። ሁለታችንም ጿሚ ነንና የሚቀምስ የለም። አንዱን ለሁለት ገምሰው ውስጡን አሳዩኝ፣ በጣቴም ተጭኜ አየሁት። ልስልስ ያለ፣ ንጹሕ ነው። ውዱን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። ይህን አልረሳላቸውም።

300 ግራም ተምር ከትንሽ ውሃ፣ ከብርቱካን ልጣጭና ከቀረፋ ጋር ድስት ላይ አበሰልኩት። ውሃ እንኳ አላበዛሁም፣ እንደ ገንፎ ጠጠር ብሎ ቀረ። ሊጡን የጾም አደረግኩት፦ 3 ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ። ቤኪንግ ፓውደሩን ከሻይ ማንኪያ አሳነስኩ፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከተለመደው ካልተቀነሰ ኬክም ብስኩትም ያስቸግራል። ሊጡን ለማሳረፍ ፍሪጅ አላስፈለገኝም። መስኮቱ ሥር አንድ ሰዓት ተቀመጠ፣ በየካቲት የጦሳ ብርድ በቂ ነው።

በውሃ ብርጭቆ አፍ እየቆረጥኩ መሐሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ተምር፣ ከዚያ ሦስቱን ጎን ማጠፍ። መሐሉ ክፍት ይቀራል። ማዕዘኖቹን ጠበቅ አድርጎ መቆንጠጥ ነው፤ ያላላኋቸው አራቱ አፋቸውን ከፈቱ። በ180 ዲግሪ 17 ደቂቃ። ተምሩ አልፈሰሰም፣ አልደረቀም።

በፑሪም ለወዳጅ ቢያንስ ሁለት ዓይነት የሚበላ ነገር ይላካል። እኔም ብስኩቱን ከብርቱካን ጋር አድርጌ ለዚያችው ጎረቤቴ ለማፍጠሪያ ላክሁላት። ትንሹ ልጇ «ስኳር ያለው ሳምቡሳ» ብሎታል።

ተምር ቤቷ አንድ የማይመች ነገር አላት። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰልፉ አያስገባም፣ ሽማግሌውም ብቻቸውን ናቸው። ጠዋት ሂዱ። እኔ ለፋሲካ በቅቤና በእንቁላል ልሠራው ስለሆነ ከዚያው ተምር 2 ኪሎ እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያቸዋለሁ።