ልጆች ይዛችሁ መቄዶንያ ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

አያት አካባቢ ወዳለው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከሁለት ልጆቼ ጋር ሄጄ ነበር። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ስድስት። "ልጆችህን እዚያ ውሰዳቸው፣ ርኅራኄ ይማራሉ" የማይለኝ ሰው የለም። እውነት ይማራሉ ወይ? ቁርጡን ላስቀድምላችሁ፦ ይማራሉ። ቦታው ድርሻውን ይወጣል። ነገሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ይዟቸው የሄደው አዋቂ ነው።

ለማታውቁት፣ ማዕከሉን ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በቤተሰቡ ቤት ነው የጀመረው፣ ጥቂት ሰዎችን ከመንገድ አንስቶ። አሁን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩበታል፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያን፣ ጎዳና ላይ ወድቀው የነበሩ የአእምሮ ሕሙማን። "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውን መፈክሩን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ልደትን፣ ሠርግን፣ ተዝካርን እዚያ ምሳ በማብላት ማሳለፍ አዲስ አበባ ላይ ከተለመደ ቆየ።

አሁን መሄድ ለምን አስፈለገ? ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብዙ ቤት ወሬ ዋጋ ብቻ ሆኗል፤ ዘይቱ፣ ጤፉ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የታክሲው። ልጆች ደግሞ ጥግ ይዘው የሚጫወቱ እየመሰሉ ሁሉንም ይሰማሉ። ሲቸግር ሰው ወደ ራሱ ይሰበሰባል፣ "ለራሳችን መቼ በቃን" ማለት ይቀለዋል፣ ልጅም ያንን ይዞ ያድጋል። ስለዚህ የእኛ ኑሮ ሲጠብ የእነሱ ልብ እንዳይጠብብን አንድ ነገር ማድረግ ፈለግኩ።

ዋዜማውን ማታ ቁጭ ብለን አወራን። ምን እንደሚያዩ፣ አንዳንድ ሰው ብቻውን ሊያወራ ወይም ሊጮህ እንደሚችል፣ ከፈሩ እጄን መያዝ እንደሚችሉ፣ መፍራትም ነውር እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ይቺን ክፍል አትዝለሏት። ሳይነገረው የገባ ልጅ የሚያየው ሰው አያሳዝነውም፣ ያስፈራዋል፤ የፈራ ልጅ ደግሞ ስለሌላ ሰው ሊያስብ አይችልም፣ ቶሎ መውጣት ነው የሚፈልገው።

ምሳ የማደሉ ነገር መልካም ነው፣ ግን ስለ ርኅራኄ ካወራን ትንሹ ክፍል እሱ ነው። ልጅ ሳህን ሲያቀብል ደስ ይለዋል፣ ትልቅ ሰው የሆነ ይመስለዋል፣ ሳህኑን ስለሚቀበሉት ሰው ግን ምንም ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ ከኋላዬ ተደብቃ ነበር። አንዲት እናት "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አሏት። መልስ የለም። ትንሽ ቆይታ፣ ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ አፏን ከፍታ የወለቀ ጥርሷን አሳየቻቸው። እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱና "እኔም የለኝ!" ብለው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ እሷን ከአጠገባቸው ማንሳት አቃተኝ። "እማማ፣ ያኔ ቤታችሁ ውስጥ ላም ነበረቻችሁ?" ትላለች። ስሟን ሳይቀር ነገሯት፣ የላሟን። ስንነሳ "እደጉ፣ እናትና አባታችሁን ጡሩ" ብለው መረቁን።

ትልቁ በመኪና ስንመለስ "ልጆች የሏቸውም እንዴ?" አለኝ። ልጆቻቸው ክፉ ናቸው ብዬ መገላገል ይቻል ነበር። አንዳንዱ ልጅ ሞቶበት፣ አንዳንዱ ልጁ ራሱ ተቸግሮ፣ አንዳንዱ ተጣልቶ፣ አንዳንዱ ሳይወልድ እዚህ እንደሚደርስ ነገርኩት፣ የእማማን ግን እንደማላውቅ። ዝም ብሎ ቆየና የአያቱን ስልክ ደውልልኝ አለ።

ደስ ያላለኝ ጎብኚው ነው። አንድ አባት ልጁን አንድ አዛውንት ፊት አቁሞ "አየህ? አንተ ቤት ውስጥ ምግብ ትመልሳለህ!" ይለዋል። አዛውንቱ እኮ ይሰማሉ! አዛውንቱን ማስፈራሪያ አድርጎ ልጁን ማሳፈር ርኅራኄ ማስተማር መሰለው። ልጁ የተማረው "እንደነሱ ስላልሆንኩ ተመስገን" ማለትን ነው፤ ያ ምስጋና ሊሆን ይችላል፣ ማዘን ግን አይደለም። ስልኩንስ ምን ልበላችሁ። ጉርሻው ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ ቪዲዮው ስላላማረ። እኛ ቤት እንግዳ መጥቶ ስንበላ ቢቀርጸን እንፈቅዳለን? ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፣ ልጆቹም ያዩታል።

የአእምሮ ሕሙማን ያሉበትን ክፍል ከትልቁ ጋር ብቻ ነው ያየሁት። ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ተሰብስበው አንድ የታመመ ሰው እየተከተሉ ድንጋይ ሲወረውሩ አይቶ ያውቃል። እዚህ ግን ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሰው አየ፣ ሰላምታም ተለዋወጡ። "መድኃኒት ሲወስዱ ይሻላቸዋል ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ብዙዎቹን ይሻላቸዋል። ይሄን ከእኔ ምክር ዓመት ሙሉ ቢሰማው አይገባውም ነበር።

በአጠቃላይ ከእኔ አምስት ኮከብ፣ ከጥቂት ማሳሰቢያ ጋር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ብትተዋቸው ይሻላል፤ ይደክማቸዋል፣ ያለቅሳሉ፣ እናንተም ከማንም ጋር ሳታወሩ ትወጣላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ምግብ የምታበሉ ከሆነ ጾሙን ጠይቁ፣ ሌላ ነገር የምታመጡም ከሆነ የሚያስፈልገውን እነሱ ይንገሯችሁ። ሳሙናና የአዋቂ ዳይፐር ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን ከኬክ ይበልጣል። ልጁ ከራሱ ልብስ መርጦ ይስጥ፣ የተቀደደውን ግን አይደለም። በበዓል ሰሞን ሰዉ ስለሚበዛ ተረጋግቶ ማውራት ይከብዳል፤ ብትችሉ በዓል ያልሆነ ተራ ቀን ምረጡ፣ የሰው እጥረት ያለው ያኔ ነውና።