ዙም ኤች1ኤን በየካ አባዶ የግጥም ምሽቶች

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በየወሩ በምናዘጋጀው የግጥም ምሽት ዙም ኤች1ኤን በተባለው አነስተኛ የድምፅ መቅረጫ መጠቀም ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ቀደም ሲል የምንቀርጸው በስልክ ስለነበር፣ ቅጂውን መልሰን ስናዳምጥ ከገጣሚው ይልቅ የወንበር መጎተትና የሲኒ ኳኳታ ጎልቶ ይሰማን ነበር።

ለአማርኛ ግጥም ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ ስለማያሳይ፣ «ይመታል» የሚለው ቃል ስለ መቺው ይሁን ስለ ተመቺው የሚታወቀው ከአንባቢው አንደበት ነው፤ ገጣሚዎቻችንም ወርቁን ብዙ ጊዜ የሚሸሽጉት እዚችው ላይ ነው። ቅጂው ይህችን ካላስቀረልን ወረቀቱ ብቻውን አያተርፋትም። በ90 ዲግሪ የተጠላለፉት የዚህ መሣሪያ ሁለት ማይኮች፣ ከገጣሚው አንድ ክንድ ያህል ርቀው ሲቀመጡ፣ ማጥበቁንም ማላላቱንም፣ በስንኝ መካከል የሚሳበውን ትንፋሽ ሳይቀር አጥርተው ይይዛሉ።

የሚሠራው በሁለት ትሪፕል ኤ ባትሪ መሆኑ ለሰፈራችን ትልቅ ነገር ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ስፒከሩ ጸጥ ሲል፣ ገጣሚዋ ሳታቋርጥ በባዶ ድምፅዋ ቀጠለች፤ ከቅጂዎቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደውም ያንን ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ፉከራ ነው። አንድ አዛውንት በለሆሳስ ጀምረው ድንገት «ዘራፍ!» ሲሉ፣ የመቅረጫውን የድምፅ መጠን በለሆሳሱ ልክ አስተካክዬው ስለነበር ድምፁ ተሰነጣጠቀ። አሁን ተናጋሪውን አስቀድሜ ከፍ ባለ ድምፁ አስሞክሬ፣ ከፍተኛው ድምፅ መሰነጣጠቅ ከሚጀምርበት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አደርጋለሁ። መጠኑን በራሱ የሚያስተካክለውን አሠራር ግን ለግጥም አልመክርም፤ ገጣሚው ዝም ሲል የአዳራሹን ጉርምርምታ ከፍ እያደረገ ዝምታውን ያበላሽበታል።

ደጅ በዳስ ውስጥ ለሚቀርጽ ሰው ለብቻው የሚሸጠው የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ግድ ነው። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግን ማይኩን ከማስጠጋት በቀር ምንም መላ የለውም። ባለ ሦስት ፒን የማይክ ገመድ ስለማይቀበል፣ ከመድረክ ርቆ መቀመጥ ግዴታ የሆነበት ሰው ከፍ ያለውን ዓይነት ቢገዛ ይሻለዋል።

በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የድምፅ ጥራት ሲቀረጽ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ መሣሪያው የሚቀበለው ካርድም እስከ 32 ጊጋባይት ድረስ ነው። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ካርድ 32 ተብሎ ቢጻፍበትም 8 እንኳ በቅጡ አልያዘም ነበርና የአንድ ሙሉ ምሽት ንባብ ጠፍቶብናል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርድ በገዛሁ ቁጥር እስከ ጫፉ ሞልቼ፣ የመጨረሻውን ፋይል ከፍቼ ሳላዳምጥ ወደ አዳራሽ አልሄድም።